የመቅደላ መጻሕፍት ከራይት ካታሎግ በፊት፦ የዶክትሬት ተማሪ በለንደን ምን ይሥራ?

የዶክትሬት ተማሪን ለጥቂት ወራት ወደ አንድ ታላቅ ቤተ መጻሕፍት የሚልከው አሠራር ሁለት መልክ አለው። በመጀመሪያው ተማሪው አንባቢ ነው። የብሪታንያ የኪነ ጥበባትና የሰብአዊ ጥናት ምርምር ምክር ቤት ወደ ዋሽንግተን ሲልካቸው የኖሩት ተማሪዎች በ2000 (በዚህ መጣጥፍ ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በተቋቋመው የክሉጊ ማዕከል ተቀምጠው የየራሳቸውን የመመረቂያ ጥናት ይሠራሉ። በሁለተኛው ተማሪው የቤቱ ሠራተኛ ይሆናል። የብሪቲሽ ላይብረሪ ሦስት ወር ያህል የሚያቆያቸው ዕጩዎች የሚሠሩት ቤተ መጻሕፍቱ ያወጣውን ሥራ እንጂ የራሳቸውን ጥናት አይደለም። ቆይታው ለተማሪው ሙያና የሥራ ዕድል ስለሚሰጠው ጥቅም ብዙ ተብሏል፤ በዚያ ጠብ የለኝምና አልፈዋለሁ።

የኔ ክርክር ሌላ ነው። ለኢትዮጵያ የብራና ጥናት የሚበጀው ሁለተኛው መልክ ነው። ከመቅደላ ወደ ለንደን የተወሰዱትን መጻሕፍት በሚመለከት ዋናው ጉድለት የአንባቢ ማነስ ሳይሆን የአደረጃጀት ውሳኔ ያስከተለው ነው። ውሳኔው ደግሞ ባለቤት አለው፦ ዊሊያም ራይት።

ከራይት በፊት አውጉስት ዲልማን በ1847 የብሪቲሽ ሙዚየምን የግዕዝ ብራናዎች መዝግቧል፤ ከራይት በኋላ የገቡትን ስቴፋን ስትሬልሲን በ1978 አሳትሟል። ሁለቱም ለዚህ ጉዳይ ዳር ናቸው። መሐሉን የያዘው የራይት የ1877 ካታሎግ ሲሆን 408 ብራናዎችን ይዘረዝራል። ራይት በሙዚየሙ የብራና ክፍል ሠርቶ በ1870 በኬምብሪጅ የዐረብኛ ፕሮፌሰር የሆነ፣ የሱርስት ብራናዎችን በሦስት ቅጽ የመዘገበ ሊቅ ነው። የግዕዝ ንባቡን የምነቅፍበት ምክንያት የለኝም። የምነቅፈው አሰላለፉን ነው።

መጻሕፍቱ የተሰበሰቡበትን መንገድ እናስታውስ። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ሲያከማቹ ዋናው ምንጫቸው በ1866 ያስመዘበሯቸው የጎንደር አድባራት ነበሩ። መቅደላ በኤፕሪል 1868 ሲወድቅ ምርኮው ወርዶ በደላንታ ሜዳ ለጨረታ ቀረበ። ከብሪታንያ ጦር ጋር የዘመተው የሙዚየሙ ሰው ሪቻርድ ሆምዝ ለመሥሪያ ቤቱ ገዛ፤ ከመጻሕፍቱ ከፊሉ በመንገድ ጨለቆት ላይ ለካህናት ተሰጠ፤ 350 ያህሉ ሙዚየም ገባ፤ ስድስት ጥራዝ ለንግሥት ቪክቶሪያ ወደ ዊንዘር ሄደ። እንግዲህ አንዱ ብራና ሁለት ጊዜ ተወስዷል፤ መጀመሪያ ከአድባሩ፣ ቀጥሎ ከአምባው። ይህን ሁለት ንብርብር ለይቶ ማሳየት ከካታሎግ የሚጠበቅ ትንሹ ነገር ነው።

ራይት ግን መጻሕፍቱን በይዘት ደለደለ፦ ብሉይና ሐዲስ በአንድ ወገን፣ የቅዳሴና የዜማ መጻሕፍት በሌላ፣ ገድላትና ተአምራት በሌላ፣ ታሪክና ሕግ በሌላ። በርዕሱም የሰበሰባቸው «ከ1847 ወዲህ የተገኙ» ብሎ ነው። በዚህ ድልድል የመቅደላው መዝሙረ ዳዊት ከመቅደላው ገድል ተለይቶ በሌላ መንገድ ከገባ መዝሙረ ዳዊት አጠገብ ተቀመጠ። በአንድ ዕቃ ቤት አብረው የኖሩ፣ ምናልባትም አንድ ንጉሥ ለአንድ ደብር የሰጣቸው መጻሕፍት በካታሎጉ ተለያይተው ቀሩ። አንባቢው ስለ ጽሑፎች ብዙ ይማራል፤ ቤተ መጻሕፍት እንደነበረ ግን ይረሳል።

የሚገርመው ራይት ራሱ ሌላ መንገድ አሳይቶ መተዉ ነው። ካታሎጉ ከመውጣቱ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1870፣ በጀርመን የምሥራቃውያን ጥናት ማኅበር መጽሔት ቅጽ 24 የመቅደላን ስብስብ ብቻ የያዘ ዝርዝር አሳትሞ ነበር። በዚያ ዝርዝር መቅደላ አንድ አካል ናት፤ በ1877ቱ ጥራዝ ግን ከሌላው ጋር ተደባልቃለች። ተመራማሪዎች ሁለተኛውን ይዘው የመጀመሪያውን ዘነጉት። ከራይት ጋር ለመሟገት የራይት ዝርዝር ይበቃል።

ሪታ ፓንክረስት በ1973 በለንደን የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤት መጽሔት ላይ ስለ ቴዎድሮስ ቤተ መጻሕፍት ያሳተመችው ጥናት ይህን ክፍተት በግልጽ ያየ ሥራ ነው። በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የመራች ባለሙያ መሆኗ በአጋጣሚ አይመስለኝም። መጽሐፍን በስብስብነቱ ማየት ከሁሉ በፊት የሚቀናው ለቤተ መጻሕፍት ሰው ነው። የጀመረችውን ለመጨረስ ግን ከንባብ አዳራሹ ጀርባ መግባት ያስፈልጋል።

ለምን? መዝገብ በመጻሕፍት ዕጣ ላይ ስለሚወስን። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 ክብረ ነገሥትንና የኩርዓተ ርእሱን ሥዕል እንዲመልሱላቸው ወደ ለንደን ጻፉ። ሙዚየሙ ክብረ ነገሥትን በሁለት ቅጂ መዝግቦ ይዞ ስለነበር አንዱን መለሰ፤ ዋናው ላይብረሪያን ጆን ዊንተር ጆንስም መመለሱን ዲሴምበር 14 ቀን 1872 በጥራዙ ላይ ጽፎ ፈረመ። ለሥዕሉ የተሰጠው መልስ ግን ደብዛው አልተገኘም የሚል ነበር። ኋላ እንደታወቀው ሥዕሉ በሆምዝ እጅ ነበር፤ እሱም ከ1870 ጀምሮ በዊንዘር የንግሥቲቱ ላይብረሪያን ነው። መዝገብ የያዘው ተመለሰ፤ መዝገብ ያልያዘው ጠፋ። ለውሳኔው ፖለቲካዊ ምክንያትም እንደነበረ አልክድም፤ ይሁን እንጂ የመዝገቡ ድርሻ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻውም።

ችግሩን ያባባሰው የተቋማት መለያየት ነው። የብሪቲሽ ላይብረሪ በ1972 በወጣ ሕግ ከሙዚየሙ ተለይቶ በ1973 ራሱን ቻለ። ብራናዎቹ ወደ አዲሱ ቤት ሲያልፉ የሙዚየሙ ባለአደራዎች ቃለ ጉባኤዎች በአሮጌው ቤት ቀሩ። ተራ አንባቢ አንዱን ጥራዝ አዝዞ በስፖንጅ መደገፊያ ላይ ይገልጣል፤ መደርደሪያውን አያይም፣ ድጉሱን ከጎረቤቱ ድጉስ ጋር አያነጻጽርም። ሁለቱን ቤቶች ማገናኘት የሚችለው የሠራተኛ ፈቃድ ያለው ሰው ነው።

ሦስት ተቃውሞዎች ይቀርቡ ይሆናል። አንደኛው፣ ራይት መለያ ቁጥሮቹን ስለጻፈ ማንም እንደገና ሊደረድራቸው ይችላል የሚል ነው። ቁጥሩ መጽሐፉ ሙዚየም የገባበትን ተራ ይነግራል፤ ከየትኛው ደብር እንደመጣ አይነግርም። ያንን የሚነግሩት «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ» የሚለውን ግዝት ተሸክመው የሚገኙት የባለቤትነት ማስታወሻዎችና የተፋቁ ስሞች ናቸው። ራይት ከማስታወሻዎቹ ብዙውን ገልብጧል፤ እርስ በርስ ግን አላገናኛቸውም። ሁለተኛው፣ ዲጂታል ምስል ይበቃል የሚል ነው። በኦክቶበር 2023 የብሪቲሽ ላይብረሪን የመታው የሳይበር ጥቃት ዲጂታል ብራናዎቹን ለረጅም ጊዜ ከአገልግሎት ስላወጣቸው መልሱን ሰጥቷል። ሦስተኛው፣ በተዘረፈ ንብረት ላይ ተቀምጦ መሥራት ዘረፋውን ማጽደቅ ነው የሚል ነው። ስሜቱን እጋራለሁ፤ ድምዳሜውን አልቀበልም። ማስመለስ የሚፈልግ ሰው የሚጠይቀውን ዕቃ አንድ በአንድ ማወቅ አለበት፤ የ1872ቱ ታሪክ ያስተማረው ይህንኑ ነው።

አንድ ዝርዝርና አንድ ጥናት ይዞ ጠቅላላ ፍርድ መስጠት ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ቢሆንም ቀጣዩ ሥራ ግልጽ ነው። ተማሪው የ1870ውን ዝርዝር መነሻ አድርጎ ከገቢ መዝገቡና ከባለአደራዎቹ ቃለ ጉባኤ ያስተያየው፤ የደብር ስሞችንና ድጉሶችን ይመዝግብ፤ የዊንዘሮቹን ስድስት ጥራዞችም ይጨምር። ቆይታው በመሠረቱ ለብሪታንያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የታሰበ መሆኑ ግን ሥራውን የተሳሳተ እጅ ላይ ይጥለዋል። የጎንደርን አድባራት በስማቸው የሚያውቅ፣ የተፋቀ ግዕዝ ማንበብ የሚችል ዕጩ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊሎሎጂ ትምህርት ክፍል አለ። በሩ ለእሱ እስካልተከፈተ ድረስ ቤተ መጻሕፍቱ ስለ መቅደላ የሚያወጣው አዲስ ካታሎግ ሁሉ የ1877ቱን አሰላለፍ ከመድገም አያልፍም።