በአንገት አጥንት ዕድገት ምክንያት የሚከሰት የመዋጥ ችግር

የመዋጥ ችግር ምግብ ወይም ፈሳሽ ከአፍ ወደ ጨጓራ ሲወርድ የሚዘገይበት፣ የሚያዝበት ወይም ሕመም የሚፈጥርበት ሁኔታ ነው። ከመንስኤዎቹ መካከል እምብዛም የማይጠረጠረው የአንገት አከርካሪ ወደ ፊት አድጎ የምግብ ቧንቧን መጫኑ ነው።

አንገት ሰባት የአከርካሪ አጥንቶች አሉት። ጉሮሮና የምግብ ቧንቧ ከእነዚሁ ፊት ተጠግተው ስለሚወርዱ፣ ከአጥንቶቹ ጠርዝ የሚበቅለው ትርፍ አጥንት መተላለፊያውን ከበስተኋላ ይገፋል። ዕድገቱ በዕድሜ ምክንያት ከሚመጣው የዲስክ መበላት ሊነሳ ይችላል፤ ትልልቆቹ ግን በአብዛኛው የሚታዩት በፎረስቲየር በሽታ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣክ ፎረስቲየርና ባልደረባቸው ሮቴስ ኬሮል እ.ኤ.አ. በ1950 የገለጹት ይህ በሽታ በአከርካሪው ፊት ያለውን ጅማት ወደ አጥንትነት ይለውጣል። ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ በሆነ ወንዶች ላይ ይበዛል፤ ከስኳር በሽታና ከልክ ካለፈ ውፍረት ጋርም ይያያዛል።

ለኢትዮጵያውያን አንድ ተጨማሪ ምክንያት መጥቀስ ተገቢ ነው። በስምጥ ሸለቆ፣ በተለይም በወንጂ ሸዋ ስኳር ልማት፣ ፍሎራይድ የበዛበትን የጉድጓድ ውሃ ለረጅም ዓመታት የጠጡ ሠራተኞች በአጥንት ፍሎሮሲስ መጠቃታቸው በሕክምና ጥናቶች ተመዝግቧል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ሕመሙ በዋናነት የሚታወቀው አንገትንና ጀርባን በማገተር፣ ሕብለ ሰረሰርንም በመጫን ነው፤ በዚያ አካባቢ ያደገ ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ ቢነግር መልካም ነው።

ምልክቱ ቀስ ብሎ ይመጣል። መጀመሪያ የሚያስቸግረው ጠጣር ምግብ ነው፦ ቆሎ፣ ደረቅ ዳቦ፣ ሥጋ፣ ትልልቅ ክኒን። ቀና ሲሉ ይብሳል፤ አንገትን ወደ ፊት ሲያጎነብሱ ይቀላል። ይሁንና በራጅ ላይ ትርፍ አጥንት ታየ ማለት ጥፋተኛው ተገኘ ማለት አይደለም። ብዙ አረጋውያን ይህ አጥንት እያላቸው አንዳች አይሰማቸውም። ስለዚህ ሐኪሙ አስቀድሞ የምግብ ቧንቧ ካንሰርን፣ እንቅርትንና የነርቭ ሕመምን መለየት ይኖርበታል። በአርሲና በባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት የሚታይ በመሆኑ ይህ ጥንቃቄ ለእኛ ይበልጥ ይሠራል። ያለ ምክንያት መክሳት፣ ደም ማስታወክ ወይም በሳምንታት ውስጥ የሚብስ ችግር ቀጠሮ እስኪደርስ የሚጠበቅ አይደለም።

በአል ሂላልም ሆነ በሌላው የዶሃ ክፍል የሚኖር ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የሚቸገረው ሕመሙን በቋንቋ በማስረዳት ነው። «ምግብ አንገቴ ላይ ይያዛል» የምንለው በዓረብኛ «ሱዑባ ፊል በልዕ» ይባላል፤ ትርፍ አጥንቱ ደግሞ «ናቢታ ዐዝሚያ»፣ ማለትም የበቀለ አጥንት ነው። የዓረብኛው ስያሜ ከእኛው ይልቅ ነገሩን በቀጥታ የሚያሳይ ይመስለኛል።

ምርመራው የአንገት የጎን ራጅ፣ ባሪየም የተባለ ነጭ ፈሳሽ እየዋጡ የሚነሣ ራጅ፣ ሲቲ ስካንና በካሜራ መመልከትን ያካትታል። ትርፍ አጥንት መኖሩ አስቀድሞ ከታወቀ ካሜራ ለሚያስገባው ባለሙያ መንገር ያስፈልጋል፤ የተጫነ ቧንቧ የመቀደድ አደጋ አለበትና።

ሕክምናው በቀላሉ ይጀምራል፦ ለስላሳ ምግብ፣ አጥሚት፣ በወጥ የራሰ እንጀራ፣ ትንሽ ጉርሻና ቀጥ ብሎ መቀመጥ፣ እንዲሁም የመዋጥ ሥልጠናና ሐኪም ያዘዘው የእብጠት መድኃኒት። ይህ ካልበቃ ትርፉ አጥንት በአንገት ፊት በኩል በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ብዙዎች ይሻላቸዋል፤ ድምፅ መጎርነን ሊያስከትል፣ አጥንቱም ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ሊያድግ ይችላል። ምግብ ተይዞ መተንፈስ ካስቸገረ በኳታር የድንገተኛ ጥሪ ቁጥሩ 999 ነው።