ከሩሲያ የሚጠበቅ ተጫዋች

የሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ ኤን ኤች ኤል፣ በየዓመቱ ሰኔ ላይ 18 ዓመት የሞላቸውን ወጣቶች ለክለቦቹ የሚያከፋፍልበት ሥርዓት ድራፍት ይባላል፤ አዲስ አበባ ላይ ቃሉ ቢራ ማዘዣ መሆኑ ለጊዜው ይረሳ። ዛሬ 32 ክለቦች በሰባት ዙር ተራ በተራ ይመርጣሉ። ባለፈው የውድድር ዘመን የደከሙት ቀድመው የመምረጥ ዕድል ያገኛሉ፤ አንዱ የመረጠውን ልጅ ሌላው የሊጉ ክለብ ማነጋገር አይችልም። መራጩ ክለብ በእጁ የሚገባው ግን የመደራደር መብቱ እንጂ ተጫዋቹ አይደለም። ልጁ ካናዳዊ ወይም አሜሪካዊ ከሆነ ይህ ልዩነት ከቁጥር አይገባም። ሩሲያዊ ሲሆን ግን ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው፤ አገሩ ሌላ ውል አለው፣ ሌላ ሊግ ይፈልገዋል፣ አንዳንዴም መንግሥት ይፈልገዋል። የሙያው ሰዎች ይህን ሁሉ ጠቅልለው «የሩሲያ ጉዳይ» ይሉታል። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ስጋቱ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ደጋግሞ መልኩን ቀይሯል።

ድራፍቱ የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ከሶቪየት ኅብረት የመጀመሪያው ተመራጭ የሪጋው አጥቂ ቪክቶር ካቱሌቭ ሲሆን፣ በ1975 ፊላደልፊያ በ160ኛ ተራ መረጠው። ካቱሌቭ አሜሪካ ሄዶ አልተጫወተም። ሞንትሪያል በ1978 ተከላካዩን ቪያቼስላቭ ፌቲሶቭን በ201ኛ፣ በ1983 ደግሞ ታላቁን ግብ ጠባቂ ቭላዲስላቭ ትሬቲያክን በ138ኛ ተራ ወሰደ። የዓለም ቁንጮ የሆነን ግብ ጠባቂ ከ137 ወጣቶች በኋላ መጥራት ከውጭ ሲታይ ቀልድ ይመስላል፤ በስሌት ሲታይ ግን ትክክል ነበር። በመጨረሻዎቹ ዙሮች ከሚመረጡት አብዛኞቹ ለሊጉ አይበቁምና ክለቡ የሚያጣው ነገር አልነበረም። የሎተሪ ትኬት እንደመግዛት ያህል ነበር።

ትኬቱ ያልወጣበት ምክንያት ፌቲሶቭና ትሬቲያክ የሚጫወቱበት የሞስኮው ሲ ኤስ ኬ ኤ የጦር ሠራዊቱ ክለብ በመሆኑ ነው። ተጫዋቾቹ ማዕረግ ያላቸው መኮንኖች ነበሩ፤ አሠልጣኙ ቪክቶር ቲኾኖቭ ክለቡንም ብሔራዊ ቡድኑንም በአንድ እጅ ይመራ ነበር። ያለ ፈቃድ መውጣት ክለብ መቀየር ሳይሆን ከሠራዊት መክዳት ነበር። ትሬቲያክ ሳይፈቀድለት በ1984 ጫማውን ሰቀለ።

በሩ የተከፈተው በ1989 ነው። በማርች ወር ሰርጌይ ፕሪያኪን በሶቪየት ሆኪ ፌዴሬሽን ፈቃድ ካልጋሪን ተቀላቀለ። ከሁለት ወር በኋላ የ20 ዓመቱ አሌክሳንደር ሞጊልኒ በስቶክሆልም የዓለም ሻምፒዮና ማግስት ከቡድኑ ተለይቶ ጠፋ፤ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ89ኛ ተራ መርጦት ወደነበረው ቡፋሎም ሄደ። በ1992-93 የውድድር ዘመን 76 ግብ አስቆጠረ። በአንድ ዓመት ውስጥ በፈቃድ የወጣና ኮብልሎ የወጣ ተጫዋች ሲታይ፣ በየክለቡ ቢሮ የነበረው ጥያቄ «ይመጣል ወይ?» መሆኑ ቀርቶ «መቼና በየት በኩል ይመጣል?» ሆነ።

ይህን ለውጥ ከሁሉ ቀድሞ የተረዳው ዲትሮይት ነበር። በ1989ኙ ድራፍት የክለቡ ሰዎች ያሰቡት ቀላል ነገር ነው፤ ከአራተኛው ዙር ጀምሮ የሚመረጥ ካናዳዊ ልጅ ብዙውን ጊዜ የትም አይደርስም፤ ስለዚህ እዚያ ላይ የዓለምን ምርጥ ወጣት ወስዶ መጠበቅ ይሻላል። ሰርጌይ ፌዶሮቭን በ74ኛ፣ ቭላድሚር ኮንስታንቲኖቭን በ221ኛ ተራ ጠሩ። ፌዶሮቭ በ1990 ክረምት የሶቪየት ቡድን ለልምምድ ጨዋታ ፖርትላንድ ሳለ ከሆቴል ወጥቶ ቀረ፤ በ1994 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። የሠራዊት መኮንን የነበረው ኮንስታንቲኖቭ ነገር ከዚህ ይከብዳል። የጉዳዩ ተሳታፊዎች በኋላ እንደተረኩት፣ ለሐኪሞች ተከፍሎ በጠና እንደታመመ የሚገልጽ ማስረጃ ተዘጋጅቶለት ነበር ከውትድርና የወጣው። ምርጫው በአንድ ደቂቃ ያለቀ ተጫዋች ለመምጣት ሁለት ዓመት ፈጀበት።

የፓቬል ቡሬ ታሪክ ደግሞ ወረቀት ማገላበጥ ምን እንደሚያስገኝ ያሳያል። በወቅቱ ደንብ አንድ የ18 ዓመት አውሮፓዊ ከሦስተኛው ዙር በኋላ እንዲመረጥ በአገሩ ከፍተኛ ሊግ ሁለት የውድድር ዘመን፣ በእያንዳንዱም ቢያንስ 11 ጨዋታ መጫወት ነበረበት። ሁሉም ቡሬ ጨዋታው አይሞላም ብሎ ትቶት ሳለ ቫንኩቨር የሌሎቹ ዝርዝር ያልያዛቸውን ጨዋታዎች ቆጥሮ በ113ኛ ተራ ጠራው። ሌሎች ክለቦች ጮኹ፤ ሊጉ በሜይ 1990 ምርጫውን ሰረዘ፣ ማስረጃው ሲቀርብ ደግሞ በወሩ መለሰው። ቡሬ በ1991 መጥቶ በሁለተኛና በሦስተኛ የውድድር ዘመኑ 60፣ 60 ግብ አገባ።

ሽልማት የሚበረክትላቸው ሩሲያውያን የሊጉን ደንብ እስከማስቀየር ደረሱ። ሰርጌይ ማካሮቭ በ31 ዓመቱ የ1990 ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሲባል፣ ሽልማቱ ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸው ከ26 በታች ለሆኑ ብቻ እንዲሰጥ ተወሰነ። ዲትሮይት በ1997 ለ42 ዓመት የራቀውን የሊጉን ዋንጫ፣ የስታንሊ ዋንጫን፣ ሲያነሳ አምስት ሩሲያውያን ነበሩት፤ ከፌዶሮቭና ከኮንስታንቲኖቭ ሌላ ላሪዮኖቭ፣ ፌቲሶቭና ኮዝሎቭ። ከድሉ ስድስት ቀን በኋላ በደረሰ የመኪና አደጋ ኮንስታንቲኖቭ ክፉኛ ተጎድቶ ከሜዳ ቀረ።

ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰ በኋላ የቀረው ጥያቄ የገንዘብ ነበር። በ2001 ኢሊያ ኮቫልቹክ በአትላንታ፣ በ2004 አሌክሳንደር ኦቬችኪን በዋሽንግተን አንደኛ ተመራጭ ሆኑ፤ ከኦቬችኪን ቀጥሎ ሁለተኛው ኤቭጌኒ ማልኪን በፒትስበርግ ተመረጠ። የሩሲያ ክለቦች ግን ላሳደጉት ተጫዋች የሚከፈለው አነስተኛ ነው በሚል ከ2005 ጀምሮ ከኤን ኤች ኤል ጋር የሚደረገውን የዝውውር ስምምነት አንፈርምም አሉ። በኦገስት 2006 ማልኪን በማግኒቶጎርስክ ክለቡ ግፊት አዲስ ውል ከፈረመ ከቀናት በኋላ ሄልሲንኪ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከቡድኑ ጠፋ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስም ፒትስበርግ አልተነጠቀም። ሶቪየት የለችም፤ ኩብለላው ግን ነበረ።

በ2008 የተመሠረተው የሩሲያው ኬ ኤች ኤል ሊግ ስጋቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞረው፤ አሁን ተጫዋቹ የሚከለከል ሳይሆን የሚባበል ሆነ። አሌክሳንደር ራዱሎቭ ከናሽቪል ጋር አንድ ዓመት ውል እየቀረው ወደ ኡፋ ሄደ። ኮቫልቹክም በ2013 የ12 ዓመት ውልና 77 ሚሊዮን ዶላር ትቶ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተመለሰ። ክለቦች ለዚህ ዓይነቱ ድንጋጤ የሰጡት መልስ ወጣቶቹን ወደ ታች መግፋት ነበር። በ2010 ቭላድሚር ታራሴንኮ እስከ 16ኛ፣ ኤቭጌኒ ኩዝኔትሶቭ እስከ 26ኛ ወረዱ። ኩዝኔትሶቭ ዋሽንግተን የደረሰው በ2014 ነው፤ በ2018 ክለቡ ዋንጫ ሲወስድ በጥሎ ማለፉ 32 ነጥብ በማስመዝገብ ሁሉንም መራ። ታራሴንኮም በ2019 ከሴንት ሉዊስ ጋር ዋንጫ አነሳ።

እዚህ ላይ ሁለት ተጫዋቾችን ማነጻጸር ያስፈልጋል። ናይል ያኩፖቭ በ2012 አንደኛ ተመራጭ ነበር። ካናዳ ውስጥ በወጣቶች ሊግ ይጫወት ስለነበር በሩሲያ የሚያስረው ውል አልነበረውም፤ በስጋት ሚዛን ከሩሲያውያኑ ሁሉ ቀላሉ እሱ ነበር። በስድስት የውድድር ዘመን 62 ግብ ብቻ አስቆጥሮ ወደ አገሩ ገባ። ኪሪል ካፕሪዞቭን ሚኒሶታ በ2015 በ135ኛ ተራ መርጦ አምስት ዓመት ጠበቀው፤ በ2020 መጥቶ በ2021 ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ፤ በ2025 የ8 ዓመት፣ የ136 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ክለቦች ብዙ የተጨነቁበት ወረቀት በጊዜ የሚያልቅ ነገር ነው፤ ያኩፖቭን የጣለው ጨዋታው ነበር፣ ያን ደግሞ ፓስፖርት አይቶ ማወቅ አይቻልም። መጠበቅን አዋጭ ያደረገው አንድ ደንብም አለ፦ ከሌላ የአውሮፓ አገር የተመረጠ ልጅ መብት በአብዛኛው ከአራት ዓመት በኋላ ሲያበቃ፣ የዝውውር ስምምነት ከሌላት ከሩሲያ የተመረጠው ግን ገደብ የለውም።

የ2022ቱ የዩክሬን ወረራ ከዚህ በፊት ያልነበረ ነገር ጨመረ። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የሩሲያን ቡድኖች አገደ፤ መልማዮች ሩሲያዊውን ልጅ ከእኩዮቹ ጋር በአንድ ሜዳ የሚያዩበት የወጣቶች ሻምፒዮና ቀረባቸው፤ ሥራው በአብዛኛው በቪዲዮ ሆነ። በጁላይ 1 ቀን 2022 ደግሞ ከፊላደልፊያ ጋር የፈረመው ግብ ጠባቂ ኢቫን ፌዶቶቭ ከውትድርና ሸሽተሃል ተብሎ ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ተያዘና ወደ ሰሜን ሩሲያ ተላከ። ፊላደልፊያ የደረሰው በማርች 2024 ነው። ትሬቲያክን ያስቀረው የጦር መለዮ ከአርባ ዓመት በኋላ ተመለሰ ማለት ይቻላል።

በዚህ ድባብ ውስጥ ነው የ2023ቱ ማትቬይ ሚችኮቭ የተመዘነው። በ16 ዓመቱ በ2021 የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና በሰባት ጨዋታ 12 ግብ ያስቆጠረ፣ ብዙዎች ከዚያው ድራፍት አንደኛ ተመራጭ ከኮነር ቤዳርድ ቀጥሎ የሚያስቀምጡት አጥቂ ነበር። ግን ከሴንት ፒተርስበርግ ክለብ ጋር የገባው እስከ 2026 የሚዘልቅ ውል አስሮት ነበር። ስድስት ክለቦች አለፉት። ስድስተኛው አሪዞና የመረጠው ሌላ ሩሲያዊ ስለነበር ሁሉንም በዜግነት ብቻ ማስረዳት አይቻልም፤ ሦስት ዓመት መጠበቅ ግን ሥራው ለሚያሰጋው ኃላፊ ረጅም ነው። ሰባተኛው ፊላደልፊያ ቡድኑን እንደ አዲስ እየሠራ ስለነበር አልቸኮለም። የሩሲያው ክለብ ውሉን ቀድሞ አፈረሰለትና ሚችኮቭ በ2024 መጣ፤ በመጀመሪያው የውድድር ዘመኑ በ80 ጨዋታ 26 ግብ አስቆጥሮ 37 አመቻቸ።

ፌቲሶቭንም ትሬቲያክንም መርጦ ያላገኛቸው ሞንትሪያል በ2024 ኢቫን ዴሚዶቭን በአምስተኛ ተራ ጠራ። ዴሚዶቭ በኤፕሪል 14 ቀን 2025 በሞንትሪያል ማልያ ቺካጎ ላይ የመጀመሪያ ጨዋታውን አድርጎ አንድ ግብ አገባ፣ አንድ አመቻቸ።