ከትምህርት ቤት መልስ ያለችው ሰዓት

በቅርቡ ከካምፑ የመጣ አንድ ወዳጄ ካሳራኒ ካለችው ጠባብ ክፍሌ ገብቶ፣ ልጆቹ ጫማቸውን ከደጅ አውልቀው መሬት ላይ ተደርድረው ሲያነቡ አየና «እኛ ዘንድ ልጆቻችን ቀን በአንድ ክፍል ተጨናንቀው ይውላሉ፤ ማታ ደግሞ ደብተራቸውን የሚያይላቸው የለም፤ ይህን ነገር ከየት አመጣኸው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ያመጣሁት መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ከዚያ አይደለም፤ በጣም የቆየ ነው።

በቄስ ትምህርት ቤት የተማራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ልጅ ፊደሉን ይዞ ከየኔታ ደጅ ይቀመጥና በስንደዶ እየነካ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» እያለ ይቆጥራል። ሰባቱን ፊደል በዜማ ማውረድ ቀላል ነው፤ ጆሮ ይይዘዋል። ችግሩ አፍ የያዘውን ዓይን ላያውቀው መቻሉ ነው። የጥንት መምህራን ይህን ስለ ተረዱ ሁለተኛ ገበታ አበጁ፤ አቡጊዳ። አ ከግዕዙ፣ ቡ ከካዕቡ፣ ጊ ከሣልሱ፣ ዳ ከራብዑ፣ ሄ ከኃምሱ፣ ው ከሳድሱ፣ ዞ ከሳብዑ ተለቅመው ተሰደሩ። በዜማ ብቻ ሲጋልብ የነበረ ልጅ እዚህ ሲደርስ ይቆማል፤ አሁን የግድ ፊደሉን ማየት አለበት። ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ምዘና ዘዴ ብዙ ተነግሮኛል፤ ከአቡጊዳ የተሻለ መፈተኛ ግን አላየሁም።

ንባቡም እንዲሁ በደረጃ ነበር። መጀመሪያ ቁጥር፣ ቀጥሎ ግዕዝ፣ ከዚያ ውርድ፣ በመጨረሻ ቁም ንባብ። ያንኑ መልእክተ ዮሐንስ፣ ያንኑ ዳዊት ልጁ ደግሞ ደጋግሞ ይመለስበታል፤ አንዱን ሳያጠራ ወደ ሌላው አይሻገርም። ፊደል የለየው ልጅ ጀማሪውን ያስቆጥራል፤ ስለዚህ አንድ የኔታ ብዙ ልጅ ይዘው አይቸገሩም ነበር። ሲመሽ ደግሞ መብራት ስለሌለ መጽሐፍ ይታጠፍና የቃል ትምህርት ይጀመራል፤ ጨለማ ለቃል አያስቸግርም። እንግዲህ ያች የምሽት ትምህርት ከቀኑ ሥራ በኋላ የምትመጣ፣ አጭር፣ በየዕለቱ የማትቀር ነበረች። አለንጋውን ግን አላወድስም፤ በፍርሃት የተለመደ ጥናት አስፈሪው ዞር ሲል አብሮ ይዞራል።

በወሎና በሐረር ቁርኣን ቤት ያደጉት ወንድሞቻችንም የሚነግሩን ተመሳሳይ ነው። ልጁ የዕለት ድርሻውን በሉሕ ላይ ይጽፋል፣ ይቀራዋል፣ በቃሉ ሲይዘው ሉሑ ታጥቦ አዲስ ድርሻ ይጻፍበታል። ያልተያዘ አይታጠብም።

በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ ዘመናዊው ትምህርት ክፍልን፣ ደወልንና ፈተናን አመጣ። ጥሩ ነው። ነገር ግን ደወሉ ተደውሎ ልጁ ወደ ቤቱ ሲሄድ ያለችው ሰዓት ባለቤት አጣች። ተማሪ በዝቶ ትምህርት በፈረቃ ሲሆን ደግሞ ልጅ ግማሽ ቀን ተምሮ ግማሹን ቀን ሜዳ የሚውልበት ሆነ። ባለ አቅም አስጠኚ ቀጠረ፤ አቅም የሌለው ልጁን ለዕድሉ ተወው።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ይኸው ጉዳይ በአዋቂዎች ላይ ታየ። ዘመቻው እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች አስተምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ስለ ዘመኑ መንግሥት የየራሳችን ቁስል አለን፤ እዚህ አላነሣውም። የማነሣው አንድ ነገር ነው። ፊደል የለየ ገበሬ የሚያነበው ካጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ እንደገና መሃይም ይሆናል። ይህ ስለ ታወቀ ፈተናውን ላላለፉት ማጠናከሪያ፣ ላለፉት ድኅረ መሠረተ ትምህርት ተዘጋጀ፤ በየገጠሩም የንባብ ቤቶች ተከፈቱ። ማስተማሩ ሳይሆን ማስለመዱ ነበር ከባዱ።

ከአገራችን ውጪም የታወቀ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1954 በጃፓን ኦሳካ ቶሩ ኩሞን የሚባሉ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር የሁለተኛ ክፍል ልጃቸው በሒሳብ ደከመባቸው። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት የሚሠራውን ያህል ጥያቄ በወረቀት ላይ እየጻፉ ይሰጡት ጀመር፤ ልጁ ራሱ ከሚችለው ተነሥቶ፣ አንዱን ሲያጠራ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ያ የቤት ወረቀት ዛሬ በብዙ አገሮች በክፍያ የሚሰጥ ትምህርት ሆኗል። ሳነበው ሳቅሁ፤ ቁጥር፣ ግዕዝ፣ ውርድ፣ ቁም ማለት ይኸው አይደለምን?

ወደ ካሳራኒ ልመለስ። የዚህን ሰፈር ስም ብዙዎቻችሁ የምታውቁት በስታዲየሙ ነው። በ1979 ዓ.ም. ለአፍሪካ ጨዋታዎች የተመረቀ ትልቅ ሜዳ ነው። በ2006 ዓ.ም. ከፋሲካ በፊት ግን በከተማ ያለ ስደተኛ ሁሉ ወደ ካምፕ እንዲገባ ታዝዞ፣ በአሰሳው የተያዙ በርካታ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሶማሌዎች፣ ተወስደው ማንነታቸው እስኪጣራ የታጎሩበት ቦታ ሆነ። ያን ጊዜ ወላጅና ልጅ የተለያዩበት ቤት ነበረ፤ ከትምህርት ገበታ የቀረ ልጅም ነበረ። የስደተኛ ልጅ ትምህርት እንዲህ ነው፤ መቼ እንደሚቋረጥ አይታወቅም። ስለዚህ ከክፍል ይልቅ የምተማመነው ልጁ ይዞት በሚሄደው ልማድ ነው። ሉሕና ፊደል ገበታ በብብት የሚያዙት በከንቱ አይደለም።

እኔ ስጀምር ተሳስቼ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ሙሉ አስተምር ነበር፤ ልጆቹ በመጀመሪያው ሰዓት ይሰማሉ፣ በሁለተኛው ያዛጋሉ፣ በሦስተኛው ይጣላሉ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁሉም ተረስቶ እንደገና ከሀ። ቀን በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ተምረው ይመጣሉና አማርኛው እንግዳ ቋንቋ ሊሆንባቸው ተቃርቧል። አንዲት ልጅ ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ በዜማ ታወርደዋለች፤ «ጌ»ን ነጥዬ ባሳያት ግን ከ«ገ» ጀምራ ካልቆጠረች አታገኘውም። እናቷ «ፊደል ጨርሳለች» ብላ ለዘመድ ጽፋ ነበር። በማግስቱ ቅዳሜን ትቼ በየማታው ሠላሳ ደቂቃ አደረግሁት፤ አሥራ አምስቱ ለንባብ፣ አሥራ አምስቱ ለሒሳብ። አቡጊዳንም ግድግዳ ላይ ለጠፍሁ።

ለሒሳቡ ከአባቶች አንድ መልመጃ ተዋስሁ፤ ባሕረ ሐሳብ። የሃይማኖት ትምህርት ላድርገው ብዬ አይደለም፤ የሙስሊም ልጆችም አብረውን ይሠሩታል፤ ማባዛትና ማካፈል ስለሚያስለምድ ነው። ለምሳሌ 2016ን ውሰዱ። 5500 ሲደመርበት 7516። በ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 11 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 10 ነው። 10 በ11 ሲባዛ 110፤ በ30 ሲገደፍ 20 ይቀራል፣ ይህ አበቅቴ ነው። 10 በ19 ሲባዛ 190፤ በ30 ሲገደፍ 10 ይቀራል፣ ይህ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ 30 ይሆናሉ፤ 11ና 19 ተደምረው 30 ስለሆኑ ነው። እንግዲህ ልጁ መምህር አያስፈልገውም፤ ድምሩ 30 ካልመጣ አንድ ቦታ ተሳስቷል፣ ራሱ ተመልሶ ይፈልጋል። እናንተም ወረቀት ባይኖራችሁ በአሸዋ ላይ ማሠራት ትችላላችሁ።

ትናንት ማታ የ2018ን ሰጥቻቸው ነበር። ያችው «ጌ» የጠፋባት ልጅ 28 መጣባት። መብራት ጠፍቶ ሻማ አበራን፤ ሌሎቹ ደብተራቸውን ሰብስበው ወጡ፣ እናቷም ከደጅ ጠራቻት። «ጋሼ፣ ትንሽ ቆይ በላት» አለችኝ። ጣቷን በየመስመሩ እያስኬደች 12 በ19 ከሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች፤ 226 ብላ ጽፋ ነበር። ስድስቱን በላጲስ አጥፍታ ስምንት አደረገችው።