ከእስር ይልቅ ሕክምና፡- የአሜሪካ የአደንዛዥ ዕፅ ችሎቶች እንዴት ይሠራሉ?

ባለፈው ሰሞን አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ከአሜሪካ ደወለልኝ፡፡ ታናሽ ወንድሙ ኮኬይን ይዞ በመገኘቱ ተከሷል፡፡ "ጥፋተኛ ነኝ ካለ በእስር ፈንታ ሕክምና ይሰጠዋል፣ ሲጨርስ ክሱም ይሰረዛል ተብለናል፤ ይፈርም ወይስ አይፈርም?" ሲል ጠየቀኝ፡፡ ወንድሙ ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት የለውም፡፡ ጓደኛዬ የሕግ ሰው በመሆኔ ወዲያው የምመልስለት መስሎት ነበር፡፡ እኔ ግን አንብቤ እንደምደውልለት ነገርኩት፡፡ ያነበብኩት ለሌሎችም ይጠቅማል በሚል እንደሚከተለው አቅርቤዋለሁ፡፡

ለመሆኑ የአደንዛዥ ዕፅ ችሎት የሚባለው ምንድን ነው? የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1989 በፍሎሪዳ ግዛት፣ በማያሚ ከተማ ሥራ ጀመረ፡፡ በወቅቱ ክራክ ኮኬይን ከተማዋን አጥለቅልቋት ነበር፡፡ እስር ቤቶቹ ሞልተዋል፤ የተፈታው ሰው ሱሱ ስላልለቀቀው ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይታሰራል፡፡ ዳኛ ኸርበርት ክላይን ችግሩን አጥንተው መፍትሔ አቀረቡ፤ ችሎቱን በመጀመሪያ የመሩት ደግሞ ዳኛ ስታንሊ ጎልድስቲን ናቸው፡፡ በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሆኑት ጃኔት ሬኖም የአካባቢው ዋና ዐቃቤ ሕግ ሆነው ሐሳቡን ደግፈዋል፡፡ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው የወንጀል ሕግ የፌዴራል ገንዘብ ሲፈቀድ ችሎቶቹ በአገሪቱ ተስፋፉ፡፡ ዛሬ ተመሳሳይ የሕክምና ችሎቶችን ጨምሮ ቁጥራቸው ከ4,000 በላይ ነው፡፡ ካናዳ፣ አውስትራሊያና አየርላንድም ሐሳቡን ወስደዋል፡፡

የችሎቱ ልዩ ባሕርይ ተከራካሪዎቹ እንደ አንድ ቡድን መሥራታቸው ነው፡፡ ዳኛው፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ተከላካይ ጠበቃው፣ የአመክሮ ሠራተኛውና የሕክምና ባለሙያው ከችሎቱ በፊት ተሰብስበው የእያንዳንዱን ተከሳሽ ሁኔታ ይወያያሉ፡፡ ፕሮግራሙ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል ይወስዳል፡፡ ተከሳሹ የምክርና የሱስ ሕክምና ይከታተላል፤ ባልታሰበ ቀን እየተጠራ የሽንት ምርመራ ያደርጋል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ዳኛው ፊት ይቀርባል፡፡ ዳኛውም "ሥራ አገኘህ ወይ? ቤተሰብህስ እንዴት ናቸው?" እያሉ በቀጥታ ያነጋግሩታል፡፡ በርትቶ ከተገኘ በችሎት ይጨበጨብለታል፤ ካጠፋ ግን ከተግሣጽ አንስቶ እስከ ጥቂት ቀናት እስር ይቀጣል፡፡ ሲያጠናቅቅ ይመረቃል፤ እንደየግዛቱ ሕግም ክሱ ይሰረዛል ወይም ቅጣቱ ይቀልለታል፡፡

ውጤቱስ? እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመና ከ150 በላይ ግምገማዎችን ያጠቃለለ ጥናት፣ በመደበኛው አሠራር ከ100 ሰዎች 50ዎቹ ወደ ወንጀል የሚመለሱ ከሆነ፣ በእነዚህ ችሎቶች ያለፉት ግን ወደ 38 እንደሚወርዱ አሳይቷል፡፡ ለአንድ የፍርድ ቤት አሠራር ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም፡፡ ጥናቶቹ የሚያመለክቱት ሌላም ነገር አለ፡፡ ችሎቱ ይበልጥ የሚጠቅመው ሱሱ ለጸናበትና ዳግም ወንጀል የመፈጸም ዕድሉ ሰፊ ለሆነ ሰው ነው፡፡ አልፎ አልፎ የሚጠቀመውን እዚያ ማስገባት የሕክምና ቦታ ማባከን ነው፡፡

ተቺዎችም አሉ፡፡ የመጀመሪያው ትችት ዳኛ ሐኪም አይደለም የሚል ነው፡፡ ሱስ የሚያገረሽ ሕመም መሆኑን ሐኪሞች ይናገራሉ፤ ችሎቱ ግን ያገረሸበትን ሰው ሊያስረው ይችላል፡፡ ብዙ ዳኞች ለሄሮይንና ለመሰል ሱሶች የሚታዘዙትን ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን "አንዱን ሱስ በሌላ መተካት ነው" በማለት ለዓመታት ሲከለክሉ ኖረዋል፡፡ የፌዴራል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 በእርሱ ገንዘብ የሚደገፉ ችሎቶች እነዚህን መድኃኒቶች እንዳይከለክሉ ደነገገ፡፡ የፍትሕ ሚኒስቴሩም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ክልከላው የአካል ጉዳተኞችን ሕግ ሊጥስ እንደሚችል አስታውቋል፡፡ ሁለተኛው ትችት ደግሞ አስቀድሞ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ፕሮግራሙን ማጠናቀቅ ያቃተውን ሰው ይመለከታል፡፡ ይህ ሰው የመከራከር መብቱን ትቶታልና የሚጠብቀው የቅጣት ውሳኔ ብቻ ነው፡፡

ወደ ጓደኛዬ ጥያቄ ስመለስ፣ ችሎቶቹ በሁለት እንደሚከፈሉ ተረዳሁ፡፡ በአንደኛው ተከሳሹ የእምነት ቃል ሳይሰጥ ክሱ ታግዶለት ይታከማል፡፡ በሌላው ግን መጀመሪያ ጥፋተኛ ነኝ ማለት አለበት፡፡ ለዜጋ ልዩነቱ ያን ያህል ላይሆን ይችላል፡፡ ለስደተኛ ግን የሞት ሽረት ጉዳይ ነው፡፡ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሻሻለው የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት፣ አንድ ሰው ጥፋቱን ካመነና ዳኛው ማንኛውንም ቅጣት ወይም የነፃነት ገደብ ካዘዘ፣ ክሱ በኋላ ቢሰረዝም ለኢሚግሬሽን ጉዳይ እንደተፈረደበት ይቆጠራል፡፡ ለራስ መጠቀሚያ ከተያዘ እስከ 30 ግራም ማሪዋና የአንድ ጊዜ ጥፋት በስተቀር፣ የአደንዛዥ ዕፅ ጥፋተኝነት ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ከአገር ሊያስወጣው ይችላል፡፡ ጫትም ቢሆን በዚያ አገር እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም፤ በውስጡ የሚገኘው ካቲኖን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ እጅግ ጥብቅ ቁጥጥር በሚደረግባቸው ንጥረ ነገሮች መደብ ውስጥ ይገኛል፡፡

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 በፓዲያ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ተከላካይ ጠበቃ የእምነት ቃሉ በደንበኛው የመኖሪያ ፈቃድ ላይ የሚያስከትለውን የመንገር ግዴታ እንዳለበት ወስኗል፡፡ ባለጉዳዩ ከ40 ዓመት በላይ በአሜሪካ በሕጋዊ መንገድ የኖሩ፣ በቬትናም ጦርነትም የዘመቱ ሰው ነበሩ፡፡ ጠበቃቸው ግን "ብዙ ስለኖርክ አያሳስብህ" ብሏቸው ነበር፡፡

ለጓደኛዬም ደውዬ ይህንኑ ነገርኩት፡፡ "ሕክምናውን እንዳይጠላው፤ ሕይወቱን ሊያተርፍለት ይችላል፡፡ ከመፈረሙ በፊት ግን ጠበቃውን 'የእምነት ቃል ሳልሰጥ መታከም እችላለሁ ወይ?' ብሎ ይጠይቅ፤ የኢሚግሬሽን ጠበቃም ያማክር፡፡ ቋንቋው ካስቸገረው የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቅ" አልኩት፡፡ የችሎቱ ሐሳብ መልካም ነው፤ ብዙዎችንም ከሱስ አውጥቷል፡፡ ነገር ግን ሣሩን አይቶ ገደሉን አለማየት፣ በተለይ ለስደተኛ፣ ዋጋው ከባድ ነው፡፡