ኪዳነ ምሕረትን የሳተው ካርታ እና የዘንድሮ እጩዎች

ባለፈው ሳምንት አንዲት ቀያሽ ጓደኛዬ ማኪያቶዋን ገፋ አድርጋ ስልኳን አቀበለችኝና «አንቺ ጋዜጠኛ ነሽ አይደል? እስቲ አንብቢውና ማን እንደሚሻል ንገሪኝ» አለችኝ። አባል የሆነችበት የአካባቢያችን አገሮች የካርታና የጂኦስፓሻል ባለሙያዎች ማኅበር አዲስ አመራር ሊመርጥ ነው። አምስት እጩዎች፣ አምስት ፎቶ በከረቫት፣ አምስት ገጽ መግለጫ። አነበብኩት። «አቅም ግንባታ» አምስቱም ውስጥ አለ። «ወጣቱን ማሳተፍ» አምስቱም ውስጥ አለ። ስማቸውን ከላይ ቆርጣችሁ ብታቀያይሩት የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም።

«ሳንቲም ወርውሪ» ልላት ፈልጌ ነበር። ግን ነገሩ እንደዚያ የሚቀለድበት አይደለም። ካርታን ማን ይመራዋል የሚለው ጥያቄ በዚህ በኛ አካባቢ ስንት ሰው ያለቀበት ጥያቄ ነው። አታምኑኝም? ከዓድዋ እንጀምር።

የካቲት 22 ለ23 ሌሊት፣ 1888 ዓ.ም.። ጄኔራል ባራቲዬሪ ጦሩን በአራት ብርጌድ ከፍሎ በጨለማ ያንቀሳቅሳል። ለአዛዦቹ በእጅ የተነደፈ ካርታ አድሏቸዋል። በግራ በኩል ያለው ጄኔራል አልበርቶኔ የተሰጠው ትእዛዝ ኪዳነ ምሕረት የተባለውን ኮረብታ እንዲይዝ ነው። ጄኔራሉ ካርታው ላይ ኪዳነ ምሕረት ተብሎ የተጻፈበት ቦታ አካባቢ ደረሰ። መንገድ መሪዎቹ ግን እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ይሄ ሳይሆን ገና ብዙ ኪሎ ሜትር ወደፊት እንደሆነ ነገሩት። የአገሩን ስም የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ትክክልም ነበሩ። የተሳሳተው ካርታው ነው። አልበርቶኔም ስሙን ተከትሎ ወደፊት ገሰገሰ፤ ከሌሎቹ ብርጌዶች ተነጥሎ ብቻውን ወጣ። ሲነጋ ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። እሱ ተማረከ፣ አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ የተባሉት ሁለቱ ጄኔራሎች እዚያው ቀሩ።

ልብ በሉ፣ የአባቶቻችንን ድል ለካርታ ስህተት አሳልፌ እየሰጠሁ አይደለም። የተዋጉት ሰዎች ናቸው። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። የኮረብታውን ስም በትክክል የሚያውቁት ሰዎች ከሠራዊቱ ጋር አብረው እየተጓዙ ነበር። ካርታው ሲነደፍ ግን ማንም አልጠየቃቸውም። አዛዡ ደግሞ ካርታውን ያመነው መሬቱን ሳያይ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የአፍሪካ የካርታ ታሪክ፣ በኔ ግምት፣ የዚህች ሌሊት ታሪክ ነው፤ ጥይቱ ብቻ ቀርቷል።

ስልሳ ዓመት ወደፊት እንዝለል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካኖች ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሆነው የዓባይን ተፋሰስ ማጥናት ጀመሩ። ለዚያ ሥራ መጀመሪያ የቅየሳ መረብ ያስፈልጋል፤ ማለትም ተራራ ተራራ ላይ ነጥብ ተክሎ፣ አንዱን ከሌላው ጋር በሦስት ማዕዘን እያያያዙ መለካት። ግን የመጀመሪያው ነጥብ የት ይሁን? መረቡ የተያያዘው አዲንዳን ከምትባል፣ በግብፅና በሱዳን ድንበር ካለች የኑቢያ መንደር አጠገብ ካለ ነጥብ ጋር ነው። እናም ለአሥርት ዓመታት በኢትዮጵያ የተሠራ ካርታ ሁሉ፣ የኮተቤውም የጂንካውም፣ መነሻውን የሚቆጥረው ከአዲንዳን ሆነ። ጂአይኤስ የተማራችሁ «አዲንዳን ዩቲኤም ዞን 37» የሚለውን ሳታውቁ አትቀሩም። እኔ ግን ጓደኛዬ እስክትነግረኝ ድረስ የሆነ ፈረንጅ ስም ይመስለኝ ነበር!

መንደሯ ዛሬ የለችም። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሲሠራ በ1960ዎቹ ነዋሪዎቿ ተነስተው ውኃ ዋጣት፤ የቅየሳ ነጥቡም አብሮ ሰጠመ። ዓባይን ለመለካት ያገለገለ መነሻ ዓባይ ራሱ ተመልሶ ዋጠው ማለት ነው። ይሄን ሰምቶ የማይስቅ ካለ እሱ ቀያሽ አይደለም።

ጣጣው ግን ሳቅ ብቻ አይደለም። ጂፒኤስ የሚጠቀመው ሌላ መነሻ ነው። አዲስ አበባ ላይ አንድን ቦታ በአዲንዳን የተሰጠ ቁጥር ሳትቀይሩ በጂፒኤስ ብትፈልጉት ከ200 ሜትር በላይ ትስታላችሁ። 200 ሜትር ማለት ከሰው ግቢ ወጥቶ የሌላ ሰው ሳሎን ውስጥ መግባት ነው። አሮጌውንና አዲሱን ካርታ ማስታረቅ የቴክኒክ ሥራ ነው፤ ግን ማን ለማን ቁጥሩን ይስጥ የሚለው የአመራር ጥያቄ ነው። መሥሪያ ቤት ከመሥሪያ ቤት ካርታ ሲደባበቅ የሚሳሳተው ኮምፒዩተሩ አይደለም።

ኮምፒዩተር ካነሳን አይቀር ወደ ኬንያ እንሂድ። በ1960ዎቹ መባቻ ኦታዋ የሚገኝ ስፓርታን የተባለ የካናዳ የአየር ቅየሳ ድርጅት፣ ኬንያ ውስጥ ደን ለመትከል የሚመች ቦታ የመፈለግ ሥራ ቀረበለት። የአፈሩን፣ የዝናቡን፣ የተዳፋቱንና የመንገዱን ካርታ እየደራረቡ በእጅ መሥራት ነበረባቸው። ዋጋው ሲሰላ የማይቀመስ ሆነ። እዚያ ይሠራ የነበረው ሮጀር ቶምሊንሰን ታዲያ «ይሄን ለምን በኮምፒዩተር አንሠራውም?» የሚል ሐሳብ አመጣ። በ1962 አውሮፕላን ውስጥ ሊ ፕራት ከሚባል የካናዳ ግብርና መሥሪያ ቤት ሰው ጎን ተቀመጠ፤ ወሬ ጀመሩ፤ ከዚያ ወሬ የካናዳ የመልክዓ ምድር መረጃ ሥርዓት ተወለደ። ቶምሊንሰን እ.ኤ.አ. በ2014 እስኪሞት ድረስ «የጂአይኤስ አባት» እየተባለ ኖረ፤ ይገባዋልም።

ግን አስተውሉ። ጥያቄው የመጣው ከኬንያ ነው። መልሱ የተሠራው ካናዳ ነው። ዛሬ ያንን መልስ ፈቃድ ከፍለን የምንገዛው ደግሞ እኛ ነን። ቶምሊንሰን ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ጥያቄውን ተቀብሎ የሚያሳድግ የራሳችን ቤት ስላልነበረን ነው። አፍሪካን የሚመለከተው የመጀመሪያው የተባበሩት መንግሥታት የካርታ ጉባኤ በጁላይ 1963 ናይሮቢ ላይ ሲከፈት፣ አስተናጋጇ ኬንያ ራሷ ነጻ ለመውጣት ገና አምስት ወር ይቀራት ነበር!

ቤት መሥራት የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። በ1975 በኢሲኤና በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጥላ ሥር ናይሮቢ ላይ የአካባቢው አገሮች የቅየሳና የካርታ ማዕከል ተቋቋመ፤ ዛሬም አለ፣ ኢትዮጵያም አባል ናት። ያ የመንግሥታት ቤት ነው። የባለሙያዎቹ ቤት ዘግይቶ መጣ። የአፍሪካ የሪሞት ሴንሲንግ ማኅበር የተመሠረተው በኦገስት 1992 ሲሆን ቦታው ሐራሬ ወይም አዲስ አበባ እንዳይመስላችሁ፤ ቦልደር፣ ኮሎራዶ ነው። አሜሪካ! የአፍሪካ ባለሙያዎች አንድ ላይ የሚገናኙት ውጭ አገር ጉባኤ ሲሄዱ ስለነበር ይመስለኛል። ደግነቱ ማኅበሩ ወደ አገሩ ገባ፤ ጉባኤውን በየሁለት ዓመቱ ከተማ እያዟዟረ ቀጠለ፤ በ2010 ስምንተኛውን እኛው ከተማ አዲስ አበባ አደረገ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን የሚገርመው ሥራ የተሠራው ግን ከጉባኤ አዳራሽ ውጭ ነው። በ2009፣ ናይሮቢ ውስጥ፣ ኪቤራ። ስንት ሕዝብ የሚርመሰመስበት ሠፈር ካርታ ላይ ባዶ ነበር። ከሠፈሩ የተመረጡ 13 ወጣቶች ጂፒኤስ ይዘው መንደር ለመንደር ዞሩ፤ የውኃ ቦኖውን፣ ክሊኒኩን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ሽንት ቤቱን መዘገቡ፤ ማንም በነጻ እንዲያየው አድርገውም አወጡት። እነዚህ ልጆች ከረቫት አልነበራቸውም። ነገር ግን የኮረብታውን ስም ያውቁ ነበር። ዓድዋ ላይ ማንም ያልጠየቃቸው መንገድ መሪዎች፣ ከ113 ዓመት በኋላ፣ ካርታውን ራሳቸው ነደፉት።

ስለዚህ ወደ አምስቱ እጩዎቻችን እንመለስ። ጓደኛዬን «ማን ይሻላል» ከማለት «ምን እንጠይቃቸው» ብንል ይሻላል አልኳት። ተያይዘን ጻፍነው። መሥሪያ ቤትዎ ያለውን የትኛውን ካርታ ነው፣ በሥልጣን ዘመንዎ፣ ማንም እንዲያየው የሚከፍቱት? ስሙንና ቀኑን ይንገሩን። ከዋና ከተማ ውጭ ያለ፣ የመዋጮ ገንዘብ የሌለው ወጣት ቀያሽ በምን በር ነው የሚገባው? ዘመንዎ ሲያልቅስ ወንበሩንና የይለፍ ቃሉን ለተተኪው ያስረክባሉ? (ሦስተኛዋን የጨመረቻት እሷ ናት። በየማኅበሩ ያየችውን ታውቃለች።)

ይሄን መመለስ የማይችል ሰው ክፉ መሪ ነው አልልም። ካርታውን አምኖ በጨለማ የሚገሰግስ ጄኔራል እንዳይሆን ግን እሰጋለሁ። እሱን የሚከተለው ብርጌድ ደግሞ ጓደኛዬ ናት፤ ነገ የኔና የናንተን የቤት ካርታ የምታወጣውም እሷው ናት።

ጥያቄዎቹን ለአምስቱም ላከች። ይሄን እስክጽፍ ድረስ የመለሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አመሰግናለሁ» ብሎ አበቃ። ምርጫው ዓርብ ነው። እሷም እስከ ሐሙስ ማታ እጠብቃለሁ ብላለች።