በፓሌርሞ ወደብ የቀረው ዓምድ

ዛሬ የመዝናኛ መርከቦች ሜዲትራኒያንን ሲያቋርጡ መንገደኞቻቸውን ለጥቂት ሰዓታት በፓሌርሞ ወይም በመሲና ወደብ ያወርዳሉ። ጎብኚው ፎቶግራፍ አንስቶ ይመለሳል። ከስምንት መቶ ዓመታት በፊት በዚያው ያለፈ አንድ ሙስሊም ግን ያየውን ጽፎልናል።

የግራናዳ ገዥ ጸሐፊ የነበረው ኢብን ጁበይር በ578 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ1183) ለሐጅ ተነሳ። ከሴውታ በጄኖዋውያን መርከብ ተሳፍሮ በ30 ቀን ያህል እስክንድርያ ደረሰ። ሲመለስ ከዓካ የተሳፈረባት መርከብ በ1184 መጨረሻ መሲና አጠገብ ተሰበረች። ክርስቲያኑ የሲሲሊ ንጉሥ ዳግማዊ ዊልያም በባሕሩ ዳር ነበርና ለጀልባ የሚከፍሉት ላጡ ድሃ ሙስሊሞች ከፈለላቸው።

በፓሌርሞ መስጂድ፣ አዛንና ቃዲ አገኘ። የጁምዓ ኹጥባ ግን ክልክል ነበር። በትራፓኒ ደግሞ አንድ የተከበረ ሙስሊም ሴት ልጁን ከሑጃጆቹ አንዱ አግብቶ ወደ ሙስሊም አገር እንዲወስድለት ለመነ። መለየቱ ቢመርም ዲኗ እንዳይጠፋ ሲል መረጠው።

ስጋቱ ከንቱ አልነበረም። ከ1220ዎቹ ጀምሮ ዳግማዊ ፍሬድሪክ የሲሲሊን ሙስሊሞች ወደ ኢጣሊያዋ ሉቼራ አጋዘ። በ1300 ያም መንደራቸው ጠፋ፤ ብዙዎቹም ለባርነት ተሸጡ።

በፓሌርሞ ካቴድራል ደቡባዊ መግቢያ ባለ አንድ ዓምድ ላይ ዛሬም የቁርኣን አንቀጽ ተቀርጾ ይታያል። ድንጋይ ጽሑፍን ያቆያል፤ እምነትን ለትውልድ የሚያሻግረው ግን ቤተሰብ ነው። ውድ አንባቢያን! ልጆቻችን በዚያ ወደብ ቢወርዱ አንቀጹን ማንበብ ይችሉ ይሆን?