የተጠቃሚ ቅንብሮችና አቋራጮች ሽግግር በዊንዶውስ

የተጠቃሚ ቅንብሮች ሽግግር ማለት የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና ሲሻሻል ወይም እንደ አዲስ ሲጫን፣ የተጠቃሚውን ፋይሎች፣ የዴስክቶፕ አቀማመጥ፣ አቋራጮች፣ የድረ ገጽ ዕልባቶችና የመሳሰሉትን ወደ አዲሱ ስርዓት የማዛወር ሥራ ነው።

በማይክሮሶፍት ዊንዶውስ የእያንዳንዱ ተጠቃሚ ፋይሎችና ቅንብሮች በአንድ የመገለጫ አቃፊ ይቀመጣሉ። በዊንዶውስ ኤክስፒ ይህ አቃፊ «ዶክዩመንትስ ኤንድ ሴቲንግስ» በሚባለው ሥር ነበር፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ «ዩዘርስ» ወደሚባለው አዛወረው። ዕልባቶችና የፕሮግራም ቅንብሮች በብዛት የሚገኙበት «አፕዳታ» የተባለው ንዑስ አቃፊ ድብቅ ነው፤ ሰነዶቹን ብቻ የሚገለብጥ ሰው አያየውም።

አቋራጮች

አቋራጭ ፋይሉ ራሱ አይደለም። የፋይሉን ወይም የፕሮግራሙን አድራሻ የያዘ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ኪሎባይት የማይበልጥ ትንሽ ፋይል ነው፤ በምስሉ ጥግ የምትታየው ቀስት መለያው ናት። ስለዚህ ዴስክቶፑ ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ፍላሽ ገልብጦ ዲስኩን ፎርማት ያደረገ ተማሪ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ዴስክቶፕ ላይ በአቋራጭ ብቻ ከነበረ የሚቀረው አድራሻው ነው፤ ጽሑፉ ከዲስኩ ጋር ሄዷል።

ከኤክስፒ ወደ ዊንዶውስ 7 በቀጥታ ማሻሻል ስለማይቻል ብዙዎች «ዊንዶውስ ኢዚ ትራንስፈር» የተባለውን መሣሪያ ይጠቀሙ ነበር። መሣሪያው ፋይሎችንና ቅንብሮችን እንጂ ፕሮግራሞችን አያሻግርም፤ ፕሮግራሙ ዳግም እስኪጫን አቋራጩ የትም አያደርስም። ከ32 ቢት ወደ 64 ቢት ሲዛወር ደግሞ የ32 ቢት ፕሮግራሞች በሌላ አቃፊ ስለሚጫኑ፣ ፕሮግራሙ ቢመለስም የድሮው አቋራጭ ላያገኘው ይችላል። ዊንዶውስ 10 ይህ መሣሪያ የለውም።

ዲስኩ ሳይጸዳ አዲሱ ዊንዶውስ በአሮጌው ላይ ከተጫነ የቀድሞው ይዘት «ዊንዶውስ ኦልድ» በሚባል አቃፊ ይቆያል። በዊንዶውስ 10 እና 11 ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ቀን በኋላ በራሱ ይሰረዛል፤ የሚፈለገውን ከዚያ በፊት ማውጣት ያስፈልጋል።

የግዕዝ ፎንቶች

ለሁሉም ተጠቃሚዎች የተጫኑ ፎንቶች ከመገለጫው ውጭ፣ በዊንዶውስ በራሱ አቃፊ ስለሚቀመጡ በሽግግር ጊዜ በቀላሉ ይረሳሉ። ዩኒኮድን በማይከተሉ የቆዩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። ብዙዎች ፋይሉ የተበላሸ መስሏቸው ይሰርዙታል፤ ጽሑፉ ግን ደህና ነው፣ ፎንቱ ሲመለስ ይነበባል። ቪስታ ይዞት የመጣው ኒያላ የዩኒኮድ ፎንት በመሆኑ ለእነዚህ ሰነዶች ምትክ አይሆንም።